ፓውል ላንገርሀንስና የቆሽት ደሴቶች

በወላይታ ሶዶም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች፣ ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል የስኳር ሕመምተኛ ሕይወቱ በየዕለቱ መርፌና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠብቆ ሊደርሰው በሚገባው መድኃኒት ላይ የተመሠረተ ነው። የዚህ ሕመምተኛ ሰውነት ያጣቸውን ሕዋሳት በመጀመሪያ ያየው ገና 22 ዓመት ያልሞላው የሕክምና ተማሪ ነበር።

ፓውል ላንገርሀንስ በ1847 (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በበርሊን ከተማ ከሐኪም አባት ተወለደ። በዬናና በበርሊን ተማረ፤ ከመምህራኑም አንዱ ስመ ጥሩው ሩዶልፍ ፊርኮ ነበር። በ1869 ለዶክትሬት ማዕረግ ባቀረበው ጽሑፍ የጥንቸልን ቆሽት በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ የምግብ መፍጫ ፈሳሽ በሚያመነጩት ሕዋሳት መካከል በየቦታው ተሰባስበው የሚገኙ ልዩ ሕዋሳትን ገለጠ። ቅርጻቸውንና አቀማመጣቸውን በጥንቃቄ መዘገበ፤ ሥራቸውን ግን እንደማያውቅ ሳይሸሽግ አመለከተ።

በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በ1874 በሳንባ ነቀርሳ ተያዘና ማስተማሩን ለመተው ተገደደ። ፈውስ ፍለጋ ከተንከራተተ በኋላ በ1875 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወደምትገኘው የፖርቱጋል ደሴት ወደ ማዴይራ ሄደ። በዚያም በፉንሻል ከተማ እንደ እርሱ በነቀርሳ የሚሠቃዩትን እያከመና የባሕር ትሎችን እያጠና ኖሮ፣ በ1888 ዓ.ም. 41 ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን ሲቀረው አረፈ።

በማግሥቱ ዓመት ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ ቆሽቱ የወጣለት ውሻ በስኳር በሽታ እንደሚያዝ ደረሱበት። በ1893 ፈረንሳዊው ላጌስ እነዚያን ሕዋሳት የላንገርሀንስ ደሴቶች ሲል ሰየማቸው። በ1921 ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ ከቆሽት ኢንሱሊን አወጡ፤ በተከታዩም ዓመት ለሕመምተኛ ተሰጠ።

ዛሬ ተመራማሪዎች ደሴቶቹን ራሳቸውን ከስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ልዩ ልዩ ሕዋስ ሊለወጥ ከሚችል መነሻ ሕዋስ፣ በላቦራቶሪ ይሠራሉ። በ2025 በታተመ ጥናት ሙሉ መጠኑን ከወሰዱት 12 ሕመምተኞች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ ኢንሱሊን መርፌ ኖረዋል። ሆኖም ሰውነት አዲሶቹን ሕዋሳት እንዳያጠፋ፣ የመከላከል ኃይሉን የሚያዳክም መድኃኒት ዘወትር መውሰድ ነበረባቸው። ይህ መድኃኒት ደግሞ ለነቀርሳ ያጋልጣል።

ላንገርሀንስን ከማስተማሪያ ክፍሉ ያስወጣው በሽታ ከአገራችን ገና አልጠፋም። ስለዚህ አዲሱ ሕክምና ወላይታ ሶዶ ሊደርስ የሚችለው ደሴቶቹን መሥራት ብቻ ሳይሆን ያለዚህ አደጋ ማቆየትም ሲቻል ነው። እስከዚያው ድረስ ኢንሱሊኑ ሳይበላሽና ሳይቋረጥ ሊደርስ ይገባል።