አክሱምን በውሃ ቀለም የሳለው ሄንሪ ሶልት

እንግሊዛዊው ሠዓሊና ዲፕሎማት ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1780 በሊችፊልድ ከተማ ከሐኪም አባት ተወለደ። በለንደን የሰው መልክ አሳሳል ቢማርም ሙያው ብዙም አልቀናውም። እ.ኤ.አ. በ1802 የሎርድ ቫለንሺያ ጸሐፊና ሠዓሊ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ።

እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ ሲደርስ የአገሩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ በአንጣሎ ተቀበሉት። ፎቶግራፍ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሶልት ለመንገደኛ በማይከብደው የውሃ ቀለም ያየውን ተራራ፣ መንደርና ሰው በወረቀት አስቀረ። ከሁሉም የላቀው የአክሱም ሥዕሉ ነው። በሥዕሉ ቆሞ የሚታየው ሐውልት ዛሬም በስፍራው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰው ግን ያን ጊዜ ተሰባብሮ ወድቆ ነበር። የንጉሥ ኢዛናን የግሪክኛ ጽሑፍም ገልብጦ ለምሁራን አድርሷል።

እ.ኤ.አ. በ1809 በለንደን 24 ሥዕሎቹ ከመዳብ ሰሌዳ ታትመው፣ በእጅ ቀለም ተቀብተው ወጡ። በዚያው ዓመት የመንግሥቱን ተልዕኮ ይዞ ዳግም ወደ ኢትዮጵያ ቢነሳም በአገሪቱ በነበረው ሁከት ሳቢያ ጎንደር ሳይደርስ ተመለሰ። በስሙ የተጠራች አንዲት ትንሽ እንስሳም አለች፤ ማዶኳ ሳልቲያና የተሰኘው የሳይንስ መጠሪያዋ የእኛኑ ሚዳቋ ከሶልት ስም ጋር ያጣመረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1815 በግብፅ የእንግሊዝ ቆንስል ጄኔራል ሆኖ ተሾመ፤ በ1827 በእስክንድርያ አቅራቢያ በ47 ዓመቱ አረፈ።