ጆርጅ ቡል እና የመጫኛ ቁልፍ አመክንዮ

በነቀምት በሚገኘው ወለጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የምህንድስና ትምህርት ክፍሎች፣ ማይክሮኮንትሮለር ለሚለማመድ ተማሪ በመጫኛ ቁልፍ አምፖል ማብራትና ማጥፋት የመጀመሪያ ደረጃ ተግባር ነው። የተግባሩ መሠረት የሆነው አመክንዮ ግን የኤሌክትሪክ አምፖል ወደየቤቱ ከመግባቱ አስቀድሞ የሞተ ሰው ሥራ ነው።

ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1815 በእንግሊዝ አገር በሊንከን ከተማ ከጫማ ሠሪ አባት ተወለደ። የቤተሰቡ ኑሮ ስለ ተዳከመ በ16 ዓመቱ መምህርነት ጀመረ፤ በ19 ዓመቱም የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ከፍተኛ ሒሳብን ያጠናው ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ በግሉ ነበር። በ1844 ከሮያል ሶሳይቲ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ በ1849 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይኖረው በአየርላንድ በኮርክ ኩዊንስ ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ።

በ1854 ስለ ሐሳብ ሕግጋት ባሳተመው ዋና መጽሐፉ አመክንዮን በአልጀብራ ገለጸ። በዚህ ሥርዓት አንድ ምልክት በራሱ ሲባዛ መልሶ ራሱን ይሰጣል፤ ከቁጥሮች መካከል ይህን ሕግ የሚያሟሉት 0 እና 1 ብቻ ናቸው። የአንድ ነገር ተቃራኒም ያንኑ ከ1 ላይ በመቀነስ ይገኛል።

በ1855 ሜሪ ኤቨረስትን አግብቶ አምስት ሴቶች ልጆች ወለደ። በ1864 በዝናብ ተጉዞ በእርጥብ ልብሱ ካስተማረ በኋላ በሳንባ ሕመም ተይዞ በ49 ዓመቱ ዐረፈ።

ከመጽሐፉ መታተም 83 ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ክሎድ ሻነን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሁለተኛ ዲግሪ ባቀረበው ጽሑፍ የማብሪያ ማጥፊያ ዑደቶች በቡል አልጀብራ እንደሚሰሉ አሳየ። በተከታታይ የተያያዙ ሁለት ቁልፎች መብራት የሚያበሩት ሁለቱም ሲጫኑ ሲሆን፣ በትይዩ ለተያያዙት ግን የአንዱ መጫን ይበቃል።

በተማሪው ሰሌዳ ላይም ይኸው ሕግ ይሠራል። የግቤት መስመሩ በሬዚስተር ከኃይል ምንጩ፣ በቁልፉ በኩል ደግሞ ከመሬት መስመር ጋር ሲያያዝ፣ ያልተጫነ ቁልፍ 1፣ የተጫነ ቁልፍ 0 ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ አምፖሉ ቁልፉ ሲጫን እንዲበራ፣ ፕሮግራሙ የተነበበውን ዋጋ ከ1 ላይ መቀነስ፣ ማለትም ቡል የቀመረውን ተቃራኒ መውሰድ ይኖርበታል። ይህ ከተዘነጋ አምፖሉ ቁልፉ ሳይነካ ይበራል፤ ሲጫን ይጠፋል። በተጨማሪም የቁልፉ ብረቶች ሲገናኙ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ስለሚነጥሩ አንድ ጊዜ የተጫነው ብዙ ጊዜ እንደ ተጫነ ሊቆጠር ይችላል፤ ፕሮግራሙም ጥቂት ጠብቆ ዳግመኛ ማንበብ አለበት።

ከእነዚህ ሁለት ችግሮች የመጀመሪያው የአመክንዮ፣ ሁለተኛው የቁስ ነው። በነቀምት ቤተ ሙከራም ፕሮግራሙ ከመጻፉ በፊት የቁልፉና የአምፖሉ የእውነት ሰንጠረዥ ቢዘጋጅ፣ የትኛው ችግር እንደ ገጠመ በቀላሉ ይለያል።