የዓድዋው ዕፅ ሰብሳቢ ሺምፐር

የአንድን አገር ነገር መዝግቦ ለትውልድ የሚያቈየው የታሪክ ጸሐፊ ብቻ አይደለም። የደረቀ ቅጠልና በአጠገቡ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀትም እንደ መዝገብ ይቈጠራሉ። በዚህ ዓይነት መዝገብ ትግራይንና ስሜንን ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቁት ጀርመናዊው ጌዎርግ ቪልሄልም ሺምፐር ናቸው።

ሺምፐር በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1804 በባቫሪያ ተወለዱ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ሀብት ስላልነበራቸው የጕዞ ወጪያቸውን የቻለላቸው በኤስሊንገን ከተማ የነበረ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ከአባላቱ ገንዘብ እያዋጣ ተጓዥ ይልካል፤ ተጓዡ የሚልከውንም የደረቀ ዕፅ ለአባላቱ ያከፋፍላል። ሺምፐር በዚህ አኳኋን አልጄሪያን፣ ሲናንና ሕጃዝን ከዞሩ በኋላ በ1837 ዓድዋ ገቡ።

ሥራቸው ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ተክሉ ከነአበባው ተቈርጦ በወረቀት መካከል ይጫናል፤ የራሰው ወረቀት በደረቅ ይለወጣል፤ ከዚያም ቁጥር ተሰጥቶት የበቀለበት ስፍራና የተለቀመበት ቀን ይጻፍለታል። ሺምፐር አንዱን ዓይነት በአንድ ቁጥር ለብዙ ከፍለው ይልኩት ስለ ነበር፣ ከዓድዋ አጠገብ ከሶሎዳ ተራራ የተለቀመው ዕፅ በልዩ ልዩ የኤውሮጳ ከተሞች ይገኝ ነበር። ሊቃውንቱም ያንን እየመረመሩ ለብዙ የኢትዮጵያ ዕፅዋት የሳይንስ ስም አወጡ። መረንዝ የምንለው መርዛም ዛፍ ዛሬም አኮካንቴራ ሺምፔሪ ይባላል።

ደጃዝማች ውቤ እንግዳውን ወደዷቸውና በእንትጮ ሾሟቸው። ሺምፐርም ኢትዮጵያዊት አግብተው እንደ አገሬው ሰው ኖሩ። ነገር ግን በ1855 ውቤ በደረስጌ በቴዎድሮስ ድል ሲሆኑ የሺምፐርም ሹመት አብሮ ቀረ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከተፈቱት ኤውሮጳውያን አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በእነዚያ የጭንቅ ዓመታት እንኳ ስለ ትግራይ ዕፅዋት መጻፋቸውን አልተዉም፤ የእጅ ጽሑፋቸው ዛሬ በሎንዶን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ነጻ ከወጡም በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው አልሄዱም፤ ወደ ዓድዋ ተመልሰው በ1878 በዚያው ዐረፉ።

ድካማቸው ግን ከሞቱ በኋላም ተፈተነ። በ1943 የበርሊን የደረቁ ዕፅዋት ቤተ መዘክር በጦርነቱ ሲቃጠል ከስብስባቸው ብዙው ዐመድ ሆነ። ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሌሎች ቅጂዎች በፓሪስና በሎንዶን ባይኖሩ ኖሮ የጠፋው ባልተተካም ነበር። ሌላም ችግር ነበረ። የተራራውና የመንደሩ ስም በጀርመን ጆሮ ተሰምቶ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ ብዙውን በካርታ ላይ ማግኘት አስቸገረ። ስለዚህ ጊሌት የተባሉ የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር የለቀሙባቸውን ስፍራዎች ፈልገው ጥናታቸውን በ1972 አሳተሙ።

ስፍራውና ቀኑ ያልታወቀ ቅጠል ከድርቆሽ አይሻልም። ስፍራው በትክክል ከተጻፈለት ግን፣ ደኑ ተመንጥሮ እርሻ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ በዚያ ተራራ ምን ይበቅል እንደ ነበረ ይመሰክራል። ዛሬም ተማሪዎቻችን ለጥናት ወደ ገጠር ሲወጡ የስፍራውን ስም ከባላገሩ ጠይቀው አጣርተው ቢጽፉ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ተመራማሪ ከብዙ ፍለጋ ያድኑታል።