ቻርልስ ዲክንስ፡- የቤተሰቡን ምስጢር በልብወለድ የገለጠ ደራሲ

እውቁ እንግሊዛዊ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1812 በፖርትስማውዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ዲክንስ የባሕር ኃይል ደመወዝ ክፍያ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቋሚ ደመወዝ ቢኖረውም ወጪው ከገቢው እየበለጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1824 በዕዳ ምክንያት ለንደን በሚገኘው የማርሻልሲ እስር ቤት ታሰረ። እናቱና ታናናሾቹም ወደዚያው ገቡ።

የ12 ዓመቱ ቻርልስ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ በቀለም ማሰሮዎች ላይ ወረቀት እየለጠፈ በሳምንት 6 ሽልንግ ያገኝ ነበር። አባቱ ከወራት በኋላ ቢፈታም እናቱ ልጇ በሥራው እንዲቀጥል ፈለገች። አባቱ ግን ወደ ትምህርት ቤት መለሰው። ዲክንስ የእናቱን ፍላጎት ዕድሜ ልኩን አልረሳውም።

ደራሲው የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ጀምሮ አቋረጠው። ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ1849 እስከ 1850 በተከታታይ ባሳተመው ዴቪድ ኮፐርፊልድ የፋብሪካውን ሕፃን፣ ከ1855 እስከ 1857 ባወጣው ሊትል ዶሪት ደግሞ የማርሻልሲን ሕይወት ተረከ።

እ.ኤ.አ. በ1870 ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ምስጢሩን ለልጆቹ አልነገራቸውም። አንባቢያን በልብወለድ ያነበቡት መከራ የራሱ የደራሲው መሆኑ የታወቀው፣ ከሞቱ በኋላ ወዳጁ ጆን ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን ማሳተም ሲጀምር ነው።