ዳንኤል ቦቬ፦ የፀረ ሂስታሚን መድኃኒት ፈር ቀዳጅ

ዳንኤል ቦቬ እ.ኤ.አ. በ1907 በስዊዘርላንድ ኑሻቴል ከተማ ተወለዱ። በ1929 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም በተመራማሪነት ሥራ ጀመሩ።

በዚያን ዘመን ሂስታሚን በሰውነት ውስጥ እንደሚገኝ ታውቆ ነበር። የበሽታ መከላከያ ሴሎች ሂስታሚን በብዛት ሲለቁ ቆዳ ያሳክካል፣ ያብጣል፤ የአየር ቧንቧ ይጠባል። ሲከፋም የደም ግፊት በድንገት ወርዶ ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። ይህን የሚገታ መድኃኒት ግን አልነበረም።

ቦቬ ከአን ማሪ ስቶብ ጋር በመሆን በ1937 የመጀመሪያውን ፀረ ሂስታሚን ውህድ አገኙ። ውህዱ የሙከራ እንስሳትን ከሂስታሚን ጉዳት ጠበቀ፤ ሆኖም መርዛማ በመሆኑ ለሰው ሊሰጥ አልቻለም። በእንስሳት ላይ የሠራ ሁሉ ለሕሙማን መድኃኒት አይሆንምና ፍለጋው ቀጠለ። በ1944 ቦቬና የሥራ ባልደረቦቻቸው ለሰው የሚሆነውን ሜፒራሚን አስገኙ።

እነዚህ መድኃኒቶች ሂስታሚንን አያጠፉም፤ ሂስታሚን የሚያርፍበትን ተቀባይ በመያዝ ሥራውን ይገታሉ። ወደ አንጎልም ስለሚዘልቁ እንቅልፍ ያመጣሉ። ዛሬም የዚሁ ምድብ የሆነውን ክሎርፌኒራሚን የሚወስዱ ተገልጋዮች መኪና እንዳያሽከረክሩ የሚመከሩት በዚህ ምክንያት ነው። የጨጓራን አሲድ ግን አልቀነሱም፤ ለእርሱ የሚሆነው ሌላው ተቀባይና መግቻው የተለዩት በ1972 በጄምስ ብላክ ቡድን ነው።

ቦቬ ከባለቤታቸውና የምርምር አጋራቸው ፊሎሜና ኒቲ ጋር በ1947 ወደ ሮም ተዛውረው የጣሊያን ዜግነት ወሰዱ። በ1957 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1992 እዚያው ሮም አረፉ።