ሰር ሃሪ ሪካርዶ፦ የሞተር ማንኳኳት ጥናትና የውሃ መርጫው ቦታ

በሰሜን ሸዋ ከአሊዩ አምባ በአንኮበር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ተሽከርካሪ ከገደሉ ግርጌ ተነሥቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦቻርጀር ጉድለቱን ለመሙላት ይበልጥ ሲፈጥን የሚጨምቀው አየር ይግላል፤ የጋለው አየርም የቤንዚን ሞተርን ለማንኳኳት ያጋልጣል። ውሃን በጉም መልክ ወደ ሞተሩ መርጨት አንዱ መከላከያ ነው። መርጫው ያለቦታው ከተተከለ ግን መከላከያው ራሱ የጉዳት ምክንያት ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ማንኳኳትን በማጥናት ስመ ጥር በሆኑት እንግሊዛዊ መሐንዲስ በሰር ሃሪ ሪካርዶ የሕይወት ታሪክ በኩል ይመለከታል።

ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1885 ለንደን ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው አርክቴክት፣ የእናታቸው አባት ደግሞ ታዋቂ የሲቪል መሐንዲስ ነበሩ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ በ1904 በሞተር ብስክሌት የነዳጅ ቁጠባ ውድድር አሸነፉ። ፕሮፌሰር በርትራም ሆፕኪንሰንም ወደ ሞተር ምርምር ሳቧቸው። ሆፕኪንሰን ራሳቸው በ1913 ውሃ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ እየረጩ የጋዝ ሞተርን ከውስጥ የማቀዝቀዝ ዘዴ ያቀረቡ ሊቅ ነበሩ። በ1918 አውሮፕላን ሲያበርሩ በደረሰ አደጋ ሕይወታቸው አለፈ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሪካርዶ ለእንግሊዝ ታንኮች 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነደፉ። ትልቁ አስተዋጽኦአቸው ግን ማንኳኳትን ካለጊዜው ከሚመጣ መቀጣጠል ለይተው ማስረዳታቸው ነው። በእርሳቸው ማብራሪያ መሠረት፣ ካንዴላው የለኮሰው ነበልባል እየሰፋ ሲሄድ ከፊቱ ያልተቃጠለውን የመጨረሻ ድብልቅ ይጨምቀዋል፤ ያም ድብልቅ ከመጠን በላይ ሲግል በአንድ ጊዜ በራሱ ይነድዳል። ይህን ለመመርመር ሞተሩ እየሠራ የመጭመቂያ ምጣኔው የሚለወጥ የሙከራ ሞተር ሠርተው፣ በሼል ኩባንያ ድጋፍ የተለያዩ ነዳጆችን አነጻጸሩ። በኋላም ተጨማሪ አየር በግፊት በሚቀበል ሞተር ላይ ውሃ በመጨመር፣ ሞተሩ ሳያንኳኳ የሚሸከመው ግፊት በእጅጉ ከፍ እንደሚል አሳዩ። በ1929 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ፤ በ1948 የሰር ማዕረግ አገኙ፤ በ1974 በ89 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከዚህ ትንታኔ ለዛሬው ቱርቦ ሞተር የሚከተለው ግልጽ ነው። አደጋው የሚወለደው በእያንዳንዱ ሲሊንደር የመጨረሻ ድብልቅ ውስጥ ስለሆነ፣ የመርጫው ቦታ የሚመዘነው ውሃው በተመጣጠነ መጠን እዚያ በመድረሱ ነው። ከኮምፕሬሰሩ በፊት የተተከለ መርጫ አየሩ ገና በሚጨመቅበት ጊዜ ያቀዘቅዘዋል፤ ነገር ግን ትልልቅ የውሃ ጠብታዎች በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከረውን መዘውር ጠርዝ ይሸረሽራሉ። ከኢንተርኩለሩ በፊት ከተተከለ ውሃው እዚያው ሊጠራቀምና በድንገት ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። ከኢንተርኩለሩ በኋላ የተተከለ አንድ መርጫ ከእነዚህ ይሻላል፤ ሆኖም ውሃው በቧንቧው መታጠፊያ ላይ ተለጥፎ ለአንዱ ሲሊንደር ሲበዛ ለሌላው ያንሳል። የተነፈገው ሲሊንደር ያንኳኳል፤ ፒስተኑም ይጎዳል። በየሲሊንደሩ መግቢያ መርጫ መትከል ይህን ያስተካክላል፤ ዋጋውና ውስብስብነቱ ግን ይጨምራል። በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ሲረጭም ግድግዳውን የሚመታ ውሃ የዘይቱን ሽፋን ሊያጥብ ይችላል።

ለአንኮበሩ ዳገት ሁለት ነጥቦች ይታከላሉ። አንደኛው፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ንጹሕ ውሃን በማጠራቀሚያውና በቱቦው ውስጥ ሊያረጋው ስለሚችል የእነርሱም ቦታ ከመርጫው ቦታ እኩል መታሰብ አለበት። ሁለተኛው፣ በረጅም አቀበት መካከል ውሃው ቢያልቅ ወይም መርጫው ቢደፈን የቱርቦውን ግፊት ወዲያውኑ የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ በደጋማ መንገዶቻችን ላይ የሚደረግ ጥናት የሞተሩን አማካይ ሙቀት ብቻ በመለካት ሊወሰን አይገባም፤ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ማንኳኳት ለየብቻ መመዝገብ ይኖርበታል።