ሉዊስ ብሬይል፤ ለጣት የሚስማማ ፊደል ያበጀው መምህር

ብዙዎቻችን ሌላውን ለመርዳት ስንነሣ የምንጀምረው ከራሳችን ምቾት ነው። ለእኛ የተስማማን ነገር ለሁሉም የተስማማ ይመስለናል። የዛሬው ባለታሪካችን ሉዊስ ብሬይል ይህ አሳብ የተሳሳተ መሆኑን በሥራው ያስረዳ ሰው ስለሆነ፥ የሕይወት ታሪኩን ለወጣት አንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ብሬይል ከፓሪስ ከተማ በስተምሥራቅ ኩቭሬ በምትባል መንደር ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ተወለደ። አባቱ ኮርቻና ልጓም ሠሪ ነበረ። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሆነው በአባቱ ወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ተወጋ። ቁስሉ አመርቅዞ ሕመሙ ወደ ሁለተኛው ዓይኑ ተዛመተና በአምስት ዓመቱ ብርሃኑን ጨርሶ አጣ። ወላጆቹ ግን እቤት አላስቀሩትም፤ ከመንደሩ ልጆች ጋር እንዲማር አደረጉት። በ1819 በአሥር ዓመቱ ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ።

የትምህርት ቤቱ መሥራች ቫለንታን አዊ ተራውን የላቲን ፊደል በወረቀት ላይ አጉልቶ በማተም መጻሕፍት አዘጋጅቶ ነበር። አሳቡ የተቀደሰ ቢሆንም ፊደሉ የተቀረጸው ለዓይን ነበርና ጣት በዳበሳ ለይቶ እስኪያነበው ድረስ ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር። መጻሕፍቱም እጅግ ከባድ ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፥ ተማሪው በዚህ ዘዴ በቀላሉ ሊጽፍ አለመቻሉ ነበር።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ የጦር መኰንን በነጥብ የሚጻፍ ዘዴ ለትምህርት ቤቱ አቀረበ። ነገር ግን ለአንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ያስፈልገው ስለነበረ ከጣት ጫፍ በላይ ይሆን ነበር። ብሬይል ጉድለቱን የተረዳው በገዛ ጣቱ ነው። ከሦስት ዓመት ድካም በኋላ፥ በ1824፥ ገና በ15 ዓመቱ፥ ነጥቦቹን ወደ 6 አወረዳቸው። እነዚህ 6 ነጥቦች ባንድ ዳበሳ የሚለዩ 63 ምልክቶችን ይሰጣሉ። ዘዴውንም በ1829 በመጽሐፍ አሳተመ። ጥሩ የኦርጋን ተጫዋች ስለነበረ ለሙዚቃም እንዲያገለግል አድርጎ አበጀው።

ሆኖም በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሲያገለግል ፈተና ገጠመው። በ1840 ዳይሬክተር የሆነው ዱፎ የነጥቡን ጽሕፈት ከለከለ። ዓይናማ መምህራን የማያነቡት ጽሕፈት ዓይነ ስውራኑን ከሌላው ሕዝብ ይለያል የሚል ክርክር ነበረ። ተማሪዎቹ ግን በስውር ይጻጻፉበት ነበር። ብሬይል ራሱ ከዚያ ቀደም ሲል፥ በ1839፥ ዓይነ ስውሩ ለዓይናማው በተራው ፊደል ቅርጽ የሚጽፍበትን ሌላ የነጥብ ዘዴ አውጥቶ ስለነበረ ክርክሩ መልስ ያጣ አልነበረም። በ1844 ትምህርት ቤቱ አዲሱን ሕንፃ ሲመርቅ የነጥቡ ጽሕፈት በሕዝብ ፊት ተመሰገነ።

ብሬይል በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ጃንዋሪ 6 ቀን 1852 በ43 ዓመቱ አረፈ። ትምህርት ቤቱ ዘዴውን በይፋ የተቀበለው ከሞቱ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1952 ፈረንሳይ አፅሙን ታላላቅ ሰዎቿ ወዳረፉበት ወደ ፓንቴዎን አዛወረች፤ እጆቹ ግን በትውልድ መንደሩ ቀሩ።

ይህ ጽሕፈት ወደ አገራችንም ደርሷል። መደበኛው ፊደላችን 33 በ7 ሲባዛ 231 ሲሆን፥ የነጥቦቹ ምልክት 63 ብቻ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ብሬይል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በዚህ ጽሕፈት የተማሩ ልጆች እስከ ዩኒቨርሲቲ ዘልቀዋል።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ቅርባችን እናምጣው። ልደታ ባለው ፍርድ ቤት አንድ ዓይነ ስውር ባለጉዳይ ውሳኔውን በታተመ ወረቀት ብቻ ቢቀበል፥ ምስጢሩን ለሌላ ሰው አስነብቦ ይሰማል እንጂ ራሱ አያነበውም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዞ ነበር። ነገር ግን አዋጁ ደረጃውን ቢያስተካክል እንኳ፥ ቅጹን፥ ማስታወቂያውንና ውሳኔውን የሚያዘጋጀው በጠረጴዛው ላይ ያለው ወጣት ሹም ነው። እርሱም ሥራውን ከመጨረሱ በፊት የሚገለገሉበትን ሰዎች ጠርቶ ቢጠይቅ፥ ዱፎ ከሠራው ስሕተት ይድናል።